ሁለት ቢል፣ አንድ ቦይ፦ ኔትወርክን ከአንድ በላይ በሆኑ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ስለማገናኘት

ከካሮልተን፣ ቴክሳስ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ከአዋጅ ቁጥሮች በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው የካሮልተን ከተማ የአንድ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ቢሮ አለች። የኮምፒዩተሩን ነገር የምከታተለው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት የሚተላለፍ ስብሰባ ስላለን ከሜልበርን እስከ ስቶክሆልም ሰው ይገባል። መስመሩ በስብሰባ መሀል ሁለት ጊዜ ከከዳን በኋላ ከሌላ ድርጅት ሁለተኛ መስመር አስገባን፤ በየወሩ ሁለት ቢል እየከፈልንም ተዝናንተን ተቀመጥን። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለውሃ ቧንቧ መንገዱን ይቆፍር የነበረ ኤክስካቫተር ሁለቱንም መስመር በአንድ ምት በጠሰልን። ድርጅቶቹ ስማቸውም ስልክ ቁጥራቸውም የተለያየ ነበር። ከመንገዱ እስከ ሕንጻችን ግን የሁለቱም ገመድ የተኛው በአንድ ቦይ ውስጥ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያ ማክሰኞ ነው። አንድ ኔትወርክ፣ የቢሮም ይሁን የባንክ ወይም የአንድ አገር፣ ከቀረው ዓለም ጋር ከአንድ በላይ በሆኑ አቅራቢዎች በኩል እንዲገናኝ ማድረግን ባለሙያዎቹ መልቲሆሚንግ ይሉታል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይሸከማል ማለት ነው። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ ድምፅም ሆነ የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ዝግጅታቸውን በአንድ ጊዜ በበርካታ ሞገዶች ያሰራጩ ስለነበር፣ አንዱ ሲደክም ወይም ሲታፈን አድማጩ ቁልፉን አዙሮ ሌላው ላይ ይፈልጋቸው ነበር። በማርች 2010 አቶ መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት ለማፈን ዝግጅት መኖሩን በአደባባይ ሲናገሩ፣ አድማጩ የትኛው ሞገድ እንደተረፈ እርስ በርሱ መጠያየቅን አስቀድሞ ለምዶት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ስንት አቅራቢ አለህ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ አቅራቢዎችህ በምን በምን አንድ ናቸው የሚል ነው። ቦይ ሊጋሩ ይችላሉ፣ መብራት ሊጋሩ ይችላሉ፣ አዛዥም ሊጋሩ ይችላሉ። ሦስቱንም በየተራ እናያለን።

ለቢሮና ለቤት የሚሆነው መንገድ

ቀላሉ ዘዴ ሁለት የኢንተርኔት መግቢያ ያለው ራውተር መግዛት ነው። በእኛ አካባቢ ባብዛኛው የሚገኙት አማራጮች የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅት መስመር፣ የስልክ ድርጅት ፋይበር፣ የሞባይል ድርጅቶች ገመድ አልባ አገልግሎትና ሳተላይት ናቸው። ስም ሲቀያየር አትታለሉ። ቨራይዞን በ2000ዎቹ በዳላስ ዙሪያ የዘረጋው ፋይበር በኤፕሪል 2016 ወደ ፍሮንቲየር ሲዛወር ቢሉ ላይ ያለው ስም ተለወጠ እንጂ መሬት ውስጥ የተቀበረው ክር ያው ነው። አንዳንዱ አቅራቢ ደግሞ የራሱ መስመር የለውም፤ ከሌላው ተከራይቶ በራሱ ስም ይሸጣል።

ራውተሩ የሚያደርገው እያንዳንዱን ግንኙነት ከሁለቱ መስመሮች በአንዱ መላክ ነው። ስለዚህ ሁለት መስመር ያለው ሰው አንድ ፊልም በእጥፍ ፍጥነት ያወርዳል ማለት አይደለም፤ ሁለት ሰዎች ሳይጋፉ ያወርዳሉ ማለት ነው። አንዱ መስመር ሲወድቅ ቢሮው በውጭ የሚታወቅበት አይፒ አድራሻ ስለሚቀየር፣ በዚያ ሰዓት በስልክ ወይም በስብሰባ ላይ የነበረ ሰው ተቋርጦበት እንደገና መግባት አለበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ራውተሩ መስመር መውደቁን በምን ያውቃል የሚለው ላይ ነው። ሞደሙ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ስለሆነ መስመሩ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ብልሽቱ ከሞደሙ ሁለት መቶ ማይል ርቆ ሊሆን ይችላል። ራውተሩ ራቅ ያለን፣ ከአቅራቢው ድርጅት ውጭ የሆነን አድራሻ በየጥቂት ሰከንዱ እንዲጠይቅና መልስ ሲያጣ ወደ ሌላው መስመር እንዲዞር መታዘዝ አለበት። የአቅራቢውን የራሱን መግቢያ እንዲጠይቅ ካዘዛችሁት፣ አቅራቢው ከዓለም ተቆርጦ እያለ እንኳን ደህና ነው የሚል መልስ ያመጣላችኋል።

ይህ ሁሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚወጣ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ሰው ከውጭ የሚመጣበት ሰርቨር ካለ ችግሩ ሌላ ነው፤ እንግዳው የሚያውቀው የወደቀውን አድራሻ ነው። የስም መዝገቡ ቶሎ እንዲታደስ፣ ለምሳሌ በየ300 ሰከንዱ፣ በማድረግ ስሙን ወደ ሁለተኛው አድራሻ ማዞር ይቻላል። ግን የቆየውን አድራሻ ይዘው የሚቀመጡ ኮምፒዩተሮች ስላሉ፣ ከተባለው ጊዜ በላይ የሚንከራተት እንግዳ አይጠፋም።

ዋናው ማሽን

ይህን የአድራሻ ችግር በደንብ የሚፈታው፣ አድራሻው የአቅራቢው ሳይሆን የራስህ ሲሆን ነው። ኢንተርኔት የተሠራው ራሳቸውን ከቻሉ በርካታ አሥር ሺህ ኔትወርኮች ሲሆን፣ እያንዳንዱ መለያ ቁጥር አለው። የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ለምሳሌ 24757 ነው። ቁጥሩንም አድራሻውንም በሰሜን አሜሪካ የሚያድለው አሪን፣ በአፍሪካ ደግሞ መቀመጫው ሞሪሺየስ የሆነው አፍሪኒክ ነው። ኔትወርኮቹ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ደንብ ቢ.ጂ.ፒ. ይባላል። የተወጠነው እዚሁ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ውስጥ በጃንዋሪ 1989 በተደረገ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ስብሰባ ላይ ነበር፤ የአይ.ቢ.ኤሙ ያኮቭ ሬክተርና የሲስኮው ከርክ ሎሂድ በምሳ ሰዓት ናፕኪን ላይ ነደፉት። የዛሬው ዓለም ኢንተርኔት በዚያ ናፕኪን ላይ ቆሟል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

አሠራሩ የመንደር ወሬ ይመስላል። አንዱ ኔትወርክ ለጎረቤቱ «እነዚህ አድራሻዎች በእኔ በኩል ይገኛሉ» ብሎ ያውጃል፤ ጎረቤቱም የራሱን ቁጥር ጨምሮ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ሁለት አቅራቢ ያለው ድርጅት አድራሻውን በሁለቱም በኩል ያውጃል። የአንዱ አዋጅ ሲጠፋ ዓለም በደቂቃዎች ውስጥ በሌላው በኩል ይመጣል፤ አድራሻው ስላልተለወጠ ስም መዝገብ መቀየር አያስፈልግም። አንደኛው መስመር ለመጠባበቂያ ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ፣ በዚያ በኩል የሚሄደው አዋጅ ላይ የራስን ቁጥር ደጋግሞ በመጻፍ መንገዱ ረጅም እንዲመስል ይደረጋል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የአድራሻ መጠን ነው። አብዛኞቹ ኔትወርኮች ከ256 ያነሰ የአድራሻ ስብስብ አይቀበሉም። አሪን ደግሞ የቆየውን ዓይነት አይፒ አድራሻ በሴፕቴምበር 2015 ጨርሶ አድሏል፤ ከዚያ ወዲህ የሚፈልግ ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ከገበያ ይገዛል ወይም ከአቅራቢው ይዋሳል። የተዋሰ ሰው ይጠንቀቅ። ከአቅራቢ «ሀ» የተዋሳችሁትን ስብስብ በአቅራቢ «ለ» በኩል ስታውጁ፣ «ሀ» የእናንተን ለይቶ ካላወጀና በትልቁ ስብስቡ ውስጥ ብቻ ካስቀመጠው፣ ዓለም ጠበብ ያለውን አዋጅ ስለሚመርጥ እንግዳው ሁሉ በ«ለ» በኩል ይጎርፋል። «ሀ» ሥራ ፈትቶ ገንዘብ ይቀበላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የከፋ ነው። ከአንዱ አቅራቢ የሰማችሁትን አዋጅ ለሌላው ካስተላለፋችሁ በሁለት ትላልቅ ድርጅቶች መሀል ድልድይ ሆናችሁ ማለት ነው። በጁን 24 ቀን 2019 የሆነው ይህ ነው፦ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለ፣ ሁለት አቅራቢ ያለው አንድ የብረታ ብረት ድርጅት ከአንደኛው የሰማውን መንገድ ለሁለተኛው ለቨራይዞን አሳለፈ። ቨራይዞንም ሳያጣራ ለዓለም ነዛው። ለሰዓታት ያህል ወደ ክላውድፍሌርና ወደ ሌሎች ታላላቅ ድርጅቶች የሚሄደው ትራፊክ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሊያልፍ እየተጋፋ ታፈነ። በሁለቱም በኩል ማጣሪያ ያልሠራ ሰው ቢ.ጂ.ፒ. ባይነካ ይሻለዋል።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው። ድረ ገጽ የሚያዘጋጁ ወገኖች በቢሯቸው ውስጥ ይህን ሁሉ ባይሞክሩ ደግ ነው። ከካሮልተን በ35 ኢስት ወደ ደቡብ ስትነዱ ዳላስ ስትደርሱ የምታዩት ነጭ የብረትና የመስታወት ሕንጻ ኢንፎማርት ነው። በ1985 የለንደኑን ክሪስታል ፓላስ በመምሰል ተሠርቶ የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ የበርካታ ኔትወርኮች መገናኛ ነው። በራሷ በካሮልተንም የሳይረስዋን ግዙፍ ዳታ ሴንተር አለ። ሰርቨራችሁን እንዲህ ካለ ሕንጻ ውስጥ ብትከራዩለት መልቲሆሚንጉን ባለቤቶቹ ይሠሩላችኋል፤ የእናንተ ድርሻ ጥሩ ጥያቄ መጠየቅ ነው።

መብራትስ?

በፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በበረዶና በብርድ ስትመታ ሁለት መስመር ያላቸው ሰዎች ሁለቱንም አጡ። ሚሊዮኖች ቤቶች መብራት አጡ፤ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ባወጣው ቁጥር 246 ሰዎች ሞቱ። ቴክሳስ ከሌሎቹ ሁለት የአሜሪካ የኤሌክትሪክ መረቦች ተነጥላ በራሷ መረብ የምትኖር ናት። ኤርኮት የሚያስተዳድረው ይህ መረብ ከውጭ ሊያስገባ የሚችለው 1,200 ሜጋ ዋት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን እንዲቋረጥ የታዘዘው ጭነት እስከ 20,000 ሜጋ ዋት ደርሶ ነበር። መረቡ በሙሉ ለመውደቅ 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ቀርቶት እንደነበር ኤርኮት ራሱ ተናግሯል። የፌዴራል መንግሥቱን ቁጥጥር ለመሸሽ ተብሎ አንድ በር ብቻ ያለው ቤት መሥራት ምን እንደሚያስከፍል ያየነው ብርድ ልብስ ተከናንበን ነው። ራውተራችሁ ባትሪ ከሌለው ሁለተኛው አቅራቢ ጌጥ ነው።

አንድ በር ያለው አገር

በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ለሕዝብ የቀረበው በጃንዋሪ 1997 ሲሆን አቅራቢው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ ነበር። በ2010 መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ አስተዳደሩ ለፈረንሣይ ቴሌኮም በኮንትራት ሲሰጥም የበሩ ባለቤት አልተለወጠም። እስከ ኦክቶበር 2022፣ ለ25 ዓመታት፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ባንክ ወይም ጋዜጣ ወይም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ አቅራቢ ልግዛ ቢል የሚሸጥለት አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ድርጅቱ ራሱ ሁለተኛ በር አስፈላጊ መሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። ወደብ የሌላት አገር ፋይበር በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ይወጣል። ኢትዮ ቴሌኮምም ከውጭ አገር ካሉ ከአንድ በላይ አቅራቢዎች ይገዛል። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ውስጥ በርካታ ገመዶች ሲበጠሱ እንደታየው፣ በአንድ ባሕር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አገር አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ኢትዮ ቴሌኮም ለራሱ መልቲሆምድ ነው። ያ ጥንቃቄ ግን ደንበኛው ዘንድ አልደረሰም፤ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነው ሕዝብ መንገዱ አንድ ኩባንያ ብቻ ነበር። ድርጅቱ የተጠነቀቀው ከመልሕቅና ከቆፋሪ ነው፤ ሕዝቡ የሚያሰጋው ደግሞ ሌላ ነገር ነበር።

በራስ ወጪ ሌላ በር መክፈትስ? የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ከአገልግሎት ሰጪው መሠረተ ልማት ውጭ ሌላ መሠረተ ልማት የዘረጋን ወይም የእርሱን ያለፈን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ካሮልተን ውስጥ ከኤሌክትሮኒክስ መደብር ገዝቼ የማመጣት ዕቃና አንድ የሳተላይት ሳህን አገር ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ሊያስፈርዱ ይችሉ ነበር ማለት ነው።

በሩ አንድ ሲሆን ቁልፉም አንድ እጅ ላይ ነው። ከምርጫ 97 በኋላ የሞባይል የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2007 ቆየ። ከሜይ 2006 ጀምሮ በውጭ የሚዘጋጁ ድረ ገጾች አገር ቤት አልከፈት አሉ። በኦክቶበር 2016 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በጁን 2019 ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባው ግድያ በኋላ ለቀናት፣ ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሳምንታት አገሪቱ ጨለመች። ትግራይ ከኖቬምበር 4 ቀን 2020 ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም አጥታ ሁለት ዓመት ያህል ቆየች፤ በሦስት አኅጉር ያለ ዘመድ እናቱ በሕይወት መኖሯን ሳያውቅ ሁለት ፋሲካ አሳለፈ። ኢሕአዴግም ብልጽግናም ቁልፉን የያዙበት አያያዝ ያው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በኦገስት 2019 ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ማለታቸውን አንባቢ አይዘነጋውም።

በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያው ተከፈተ። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ2021 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ፤ በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። ዛሬ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሁለት ሲም በአንድ ስልክ ይዞ ይዞራል፤ የድሃ መልቲሆሚንግ ይህ ነው፣ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ አዲሱ ኩባንያ ሲጀምር ከነባሩ ማማዎችና የማስተላለፊያ መስመር ተከራይቷል፤ ማለትም ቦዩን በከፊል ተጋርቷል። ፈቃድ ሰጪውም አንድ ነው። በፌብሩዋሪ 2023 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው አምስት ወር ሲቆዩ፣ በኦገስት 2023 ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘልቅ፣ የሁለተኛው ኩባንያ መኖር አላስቀረውም።

ብዙ ኩባንያ ቢኖርስ?

ግብፅ ነበራት። በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ፣ የታህሪር አደባባይ ሰልፍ ሲጦፍ፣ ቴሌኮም ኢጂፕት፣ ቮዳፎን፣ ኢትሳላትና ሊንክ ኢጂፕት በደቂቃዎች ልዩነት እየተከታተሉ የቢ.ጂ.ፒ. አዋጃቸውን አነሱ፤ 3,500 ያህል የአድራሻ ስብስቦች ከዓለም ካርታ ጠፉ። ቮዳፎን በፈቃዱ ሕግ መሠረት ትእዛዙን የመፈጸም ግዴታ እንዳለበት ተናገረ። ኑር የተባለ አነስተኛ አቅራቢ ግን ከሌሎቹ በኋላ ለአራት ቀን ያህል ቆየ፤ ሰዎች በእርሱ በኩል ወሬ አወጡ። ሱዳንም ሦስት ኦፕሬተሮች ነበሯት፤ በፌብሩዋሪ 2024 በጦርነቱ መሀል ሱዳቴል፣ ኤም.ቲ.ኤን እና ዛይን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሞላ ጎደል ጠፉ። ቀድሞ የገቡ የስታርሊንክ ሳህኖች ያሉባቸው ቡና ቤቶች የሕዝቡ ፖስታ ቤት ሆኑ።

ስለዚህ ገበያውን መክፈት ብቻ ይበቃል የሚሉ ወገኖች ጋር አልስማማም፤ ምንም አይለውጥም ከሚሉትም ጋር እንዲሁ። አንድ ስልክ ተደውሎ የሚዘጋ አገርና አምስት ቦታ ተደውሎ፣ አንዱ አንገራግሮ፣ አንዱ ለባለ አክሲዮኖቹ ማብራሪያ ሰጥቶ የሚዘጋ አገር አንድ አይደሉም። የኑር አራት ቀናት ለግብፃውያን ትንሽ ነገር አልነበሩም።

ቢሮአችን አሁን

ከኤክስካቫተሩ በኋላ ሁለተኛውን ገመድ ሰረዝን። አሁን አንድ ፋይበር ከመሬት ይገባል፤ ሌላው ጣሪያ ላይ ባለ አንቴና ከሞባይል ድርጅት የሚመጣ ገመድ አልባ ነው። ከመፈረማችን በፊት ሻጩን አራት ነገር ጠየቅነው፦ መስመሩ ወደ ሕንጻው በየት በኩል ይገባል? የራሳችሁ ነው ወይስ የተከራያችሁት? ከማን? ማማችሁ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ስንት ሰዓት ይቆያል? ሦስተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ሻጩ አለቃውን ጠራ። እኛም በትሬስራውት ሁለቱ መስመሮች ከከተማ ሲወጡ የት እንደሚለያዩ አየን፤ ኢንፎማርት ሳይደርሱ ተለያይተዋል።

ራውተሩና ሞደሙ ባትሪ ላይ ናቸው። በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ አንድ ልጅ ማንንም ሳያስጠነቅቅ ፋይበሩን ይነቅላል። ባለፈው ጊዜ ስምንት ሰከንድ ፈጀ። ከዚያ በፊት በነበረው ግን ጨርሶ አልዞረም፤ ለገመድ አልባው ቢል የተመዘገበው ካርድ ጊዜው አልፎበት ነበር።